ሾርባውም ክሬሙም ሳይጓጉል እንዲወፍር፦ የማወፈሪያ ዱቄቶች አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ

ሾርባው ላይ ኮርን ስታርች ጨመራችሁ፣ ጓጎለ። የኬክ ክሬሙ ማታ ወፍሮ ነበር፣ ጠዋት ውሃ አቁሮ ተገኘ። ጄላቲኑ ፍሪጅ ውስጥ አድሮም አልረጋም። ብዙ ሰው ጥፋቱን ዱቄቱ ላይ ይለጥፋል፤ "ፌክ ነው የሸጡልኝ" ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉና እሳቱ ላይ ነው። ጎጃም ውስጥ ለምታበስሉ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ እናንተ ላላችሁበት ከፍታ የተጻፈ አይደለም።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ ዱቄቱን ለዩ

ነጭ ዱቄት ሁሉ ሲያዩት አንድ ነው። በፌስታል ተቋጥሮ ሲሸጥ ባለሱቁም ይሳሳታል።

የበቆሎ ዱቄት ኮርን ስታርች አይደለም። ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይሄ ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ በቆሎ እንደ ልብ ነው፤ ወፍጮ ቤት የተፈጨ ነጭ የበቆሎ ዱቄት ከቤት አይጠፋም። ፓኬቱ ላይ "ኮርን ፍላወር" የሚል ሲያዩ "ይኸው ቤት አለን አይደል" ይላሉ። አይደለም። ኮርን ስታርች ማለት ፕሮቲኑ፣ ቅባቱና ገለባው ወጥቶ የቀረው የበቆሎ ስታርች ብቻ ነው። የወፍጮው ዱቄት ግን ሁሉንም እንደያዘ ነው። ሾርባውን ያሻክረዋል፣ የገንፎ ጣዕም ይሰጠዋል፣ ለማወፈርም ብዙ ይፈልጋል።

መለየት ቀላል ነው። 2 ማንኪያ ዱቄት በ1 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ለውሱ። በጣታችሁ ቶሎ ስትጫኑት ከጠጠረ፣ ስትለቁት ደግሞ መልሶ ከፈሰሰ፣ ስታርች ነው። ተራ ሊጥ ከሆነ የወፍጮ ዱቄት ነው።

ቤኪንግ ፓውደር ይሆን ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ቁንጥር ዱቄት ላይ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ማወፈሪያ አይደለም።

ካስታርድ ፓውደር በአብዛኛው ኮርን ስታርች ሲሆን ቀለምና የቫኒላ ሽታ ተጨምሮበታል። ስለዚህ ከታች ለኮርን ስታርች የተጻፈው ሕግ ለሱም ይሠራል። ስኳር የገባበትም ያልገባበትም ስላለ ጀርባውን አንብቡ።

ቡላ ከእንሰት የሚገኝ ስታርች ነው፤ እኛ ጋ የሱቅ ዕቃ ነው። ለገንፎና ለአጥሚት እጅግ ጥሩ ነው። ለነጭ ሶስና ለክሬም ግን የራሱ ሽታ ስላለው እኔ አልመርጠውም።

## ከፍታው የሚያመጣው ጣጣ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። እንጅባራ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል።

ኮርን ስታርች ውሃ ጠጥቶ ማበጥ የሚጀምረው ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው ግን ከ90 አልፎ ወደ 95 ሲጠጋ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ሰው ድስቱ 100 ስለሚደርስ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። የደብረ ማርቆሱ ድስት ግን ምንም ቢንተከተክ ከ92 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። እሳት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ አያሞቀውም። የጎደለውን ሙቀት በጊዜ ነው የምታካክሱት።

አብሲት የጣለ ሰው ይህን ነገር ሳያውቀው ያውቀዋል። ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ በውሃ ቀጥኖ እሳት ላይ እየተማሰለ ይወፍራል፣ ቀዝቅዞም ወደ ሊጡ ይመለሳል። ቶሎ የወጣ አብሲት እንጀራውን እንደሚያበላሸው፣ ቶሎ የወረደ ስታርችም ሾርባውን ያበላሻል።

## መጠን

"ማንኪያ" ስል 15 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሾርባ ማንኪያ ነው፤ የተላጨ እንጂ የተቆለለ አይደለም። ቤት ያለው የመብያ ማንኪያ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። በልጆች ሽሮፕ መለኪያ ኩባያ ውሃ እየለካችሁ የራሳችሁን ማንኪያ አንድ ጊዜ ፈትሹት። "ኩባያ" ስል 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ እኩሌታ።

ለ1 ኩባያ ፈሳሽ፦

- ቀጠን ላለ ሾርባ፦ ኮርን ስታርች ግማሽ ማንኪያ፣ ወይም ፉርኖ ዱቄት 1 ማንኪያ
- ለሶስ፦ ኮርን ስታርች 1 ማንኪያ፣ ወይም ፉርኖ ዱቄት 2 ማንኪያ
- ለኬክ ክሬም፦ ኮርን ስታርች 2 ማንኪያ ተኩል

ፉርኖ ዱቄት ጉልበቱ የኮርን ስታርችን ግማሽ ያህል ነው። አንዱን በሌላው ስትተኩ ይህን አትርሱ።

## ኮርን ስታርች ሾርባና ሶስ ውስጥ

1. መጀመሪያ ምግቡን አብስሉ። አትክልቱ ይብሰል፣ ጨውና ቅመሙ ይስተካከል። ስታርቹ ከገባ በኋላ ረጅም መቀቀል የለም። ሎሚና ኮምጣጤ ግን ገና ናቸው፤ አቆዩአቸው።

2. ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ለ1 ማንኪያ ስታርች 2 ማንኪያ ውሃ። ደረቁን ዱቄት ድስቱ ላይ እንዳትነሰንሱ። በሙቅ ውሃም አትበጥብጡ። ሙቀቱ የዱቄቱን ላይ ቶሎ ያበስለዋል፤ ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ጓል ይሆናል።

3. እሳቱን ለዘብ አድርጉ። ከሰል ላይ ከሆናችሁ ከፊሉን ፍም ወደ ጎን አውጡ ወይም አመድ ሸፈን አድርጉበት። በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ቀድማችሁ ቀንሱ፤ ምጣዱ እስኪበርድ ጊዜ ይወስዳል።

4. ብጥብጡን እንደገና አማስላችሁ ጨምሩ። ስታርች ቆሞ ከቆየ ይዘቅጣል። ላይ ላዩን ብቻ ካፈሰሳችሁት ውሃ ነው የጨመራችሁት። በአንድ እጅ በቀጭኑ አንቆርቁሩ፣ በሌላው አማስሉ። ሦስት አራተኛውን ብቻ አስገቡ፤ ቀሪውን ያዙ።

5. ሰዓት ያዙ። መቁጠር የምትጀምሩት ድስቱ መሃል ላይ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ሲጀምር ነው፤ ዳር ዳሩ ሲፈላ አይደለም። ባሕር ዳርና ፍኖተ ሰላም ከሆናችሁ 2 ደቂቃ፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ ስጡት። ታች ታቹን ቀስ ብላችሁ አማስሉ። በኃይል ከመታችሁት ያበጠው ቅንጣት ይፈርስና መልሶ ይቀጥናል።

6. በማንኪያ ጀርባ ፈትሹ። ማንኪያውን ነክራችሁ አውጡ፣ ጀርባው ላይ በጣታችሁ መስመር አስምሩ። መስመሩ ሳይሞላ ከቆየ ደርሷል። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን እንዳለ አውርዱት።

7. ሎሚውን አሁን ጨምሩ። ከእሳት ከወረደ በኋላ። አሲድ ከስታርች ጋር አብሮ ሲቀቀል ስታርቹን ይሰባብረዋል።

ተጠንቀቁ፦ የወፈረ ነገር ሲፈላ ይፈናጠራል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ውሃ ከሚያደርሰው የባሰ ያቃጥላል። እጀታው ረዘም ያለ ማማሰያ ያዙ፣ ልጆችን አርቁ።

ሌላም አለ፦ የቀመሳችሁበትን ማንኪያ ድስቱ ውስጥ መልሳችሁ አትንከሩ። ምራቅ ውስጥ ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ሕፃን በልቶለት የተረፈው አጥሚት ቆይቶ ውሃ ውሃ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። እጃችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ቅመሱ።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ጓጎለ። ደረቅ ዱቄት አትጨምሩበት። በወንፊት አጥልሉት፣ ጓሉን በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን እያላችሁ አሳልፉት። የአትክልት ሾርባ ከሆነ ብሌንደር ይሠራል። ክሬም ከሆነ ብሌንደር ያቀጥነዋል፤ ወንፊቱ ይሻላል።

አልወፈረም። ሰዓቱን ሞልታችኋል? ካልሞላችሁ ጠብቁ። ከሞላችሁ የያዛችሁትን ሩብ ጨምሩና ሌላ 2 ደቂቃ አንተክትኩት። አሁንም ካልሆነ በአንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች ልክ እየበጠበጣችሁ ቀጥሉ።

ወፍሮ ነበር፣ ቀጠነ። ወይ ብዙ ፈልቷል፣ ወይ ሎሚው ቀድሞ ገብቷል፣ ወይ ምራቅ ነክቶታል። ደግማችሁ ብታፈሉት አይመለስም። ከመጀመሪያው መጠን ግማሽ ያህል አዲስ ብጥብጥ አድርጉበት።

ጥሬ ዱቄት ጥሬ ዱቄት ይላል። አልበሰለም። እሳቱን ለዘብ አድርጋችሁ 2 ደቂቃ ጨምሩለት።

አረረ። አትፋቁት! የላይኛውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ።

## ወጥ ላይስ?

እኔ ብትጠይቁኝ ወጥ ላይ ኮርን ስታርች አታድርጉ። ወጡን ያንጸባርቀዋል፣ ያሙለጨልጨዋል፤ እንጀራ ላይ ሲፈስም አያምርም። ወጥ የሚቀጥነው ብዙ ጊዜ ሽንኩርቱ ሳይበስል ውሃ ስለገባበት ነው። ምስር ወጥ ከሆነ አንድ ጭልፋ ምስር አውጡ፣ ደፍጥጡና መልሱት። ሌላ ወጥ ከሆነ 1 ማንኪያ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፤ 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ሽሮ ቶሎ ከወረደ ጥሬ ጥሬ ይላል።

## ፉርኖ ዱቄት በቅቤ፦ ለላዛኛና ለማካሮኒ ነጭ ሶስ

1. 2 ማንኪያ የገበታ ቅቤ በለዘብተኛ እሳት አቅልጡ። በቅመም የተነጠረ ቅቤ ሶሱን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል።
2. 2 ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት ጨምራችሁ 2 ደቂቃ አማስሉ። የጥሬ ዱቄት ሽታው ይጥፋ፤ ቀለሙ ግን አይቀየር።
3. 1 ኩባያ ወተት ውሰዱ። መጀመሪያ ሩቡን ብቻ አፍስሳችሁ እስኪያያዝ አማስሉ፣ ከዚያ ቀሪውን በሦስት ዙር። ሁሉንም በአንዴ ካፈሰሳችሁ ይጓጉላል።
4. 8 እስከ 10 ደቂቃ በትንሽ እሳት ይብሰል። ስንዴ ከኮርን ስታርች የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

## ኮርን ስታርች ከጠፋ፦ የድንች ስታርች በቤት

አዊ ውስጥ ድንች ሞልቷል። ለአንድ ሁለት ማሰሮ ሾርባ የሚሆን ስታርች ከሱ ማውጣት ይቻላል። ክረምት ላይ ግን አትሞክሩት፤ ሳይደርቅ ይሸታል።

1. 1 ኪሎ ድንች ልጣችሁ በካሮት መፋቂያ ፋቁ። አረንጓዴ የሆነውን ድንች አትጠቀሙ፤ ይመርዛል።
2. ቀዝቃዛ ውሃ አፍሱበት፣ እሹት፣ በንጹህ ስስ ጨርቅ ጨምቃችሁ አጥልሉ።
3. ውሃውን 30 ደቂቃ ሳትነኩት አቆዩ። ታች ላይ ነጭ ዝቃጭ ይጠጥራል።
4. ቡናማውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ድፉ። ንጹህ ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ እንደገና ይዝቀጥ። ከላይ ያለው ውሃ እስኪጠራ ድገሙ።
5. ትሪ ላይ አሳስታችሁ አድርቁት። እሳት አጠገብ አታስጠጉ፤ እርጥቡ ስታርች ይበስልና ሙጫ ይሆናል።
6. ሲደርቅ ፈርክሳችሁ ንፉት።

ከ1 ኪሎ ድንች 100 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ አትደንግጡ። የተረፈውን ፍቃፊ አትጣሉት፤ ተጠብሶ ይበላል።

አጠቃቀሙ ከኮርን ስታርች ይለያል። ቶሎ ነው የሚወፍር፣ ብዙ ሲፈላም ይቀጥናል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ አስገቡት፤ ወፍሮ መንተክተክ እንደጀመረ አውርዱ። ከፍታው ለሱ ችግር አይደለም፤ ከ70 ዲግሪ በታች መወፈር ስለሚጀምር ደጋ ላይ ከኮርን ስታርች ይልቅ ይታዘዛል።

## የኬክ ክሬም

2 ኩባያ ወተት፣ 4 የእንቁላል አስኳል፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ 5 ማንኪያ ኮርን ስታርች፣ ቫኒላ።

1. ስኳሩንና ስታርቹን በደረቁ ቀላቅሉ። ስኳሩ ቅንጣቶቹን ስለሚለያያቸው አይጓጉልም።
2. አስኳሉን ጨምራችሁ ነጣ እስኪል ምቱ።
3. ወተቱን አሙቁ፤ እንፋሎት ሲያወጣ ይበቃዋል።
4. ሙቁን ወተት በቀጭኑ እንቁላሉ ላይ አፍሱ፣ አማስሉ። እንቁላሉን ወተቱ ላይ ከገለበጣችሁት ፍርፍር ይሆናል።
5. ወደ ድስቱ መልሱ። በመካከለኛ እሳት እጃችሁን ሳታነሱ አማስሉ።
6. መሃሉ ቡልቅ ካለ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት።
7. በወንፊት አሳልፉ፣ ቫኒላ ጨምሩ፣ የምግብ ላስቲክ ገጹን እንዲነካ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ካልሸፈናችሁት ቆዳ ያወጣል።

ሰው የሚሰናከለው 6ኛው ላይ ነው። እንቁላሉ ይቋጠራል ብሎ ይፈራና ገና ወፈር ሲል ያወርደዋል። ስታርች ስላለ አይቋጠርም፤ አይዟችሁ። አስኳል ውስጥም ስታርችን የሚበላ ኢንዛይም አለ። በደንብ ካልፈላ ኢንዛይሙ አይሞትም፣ ሌሊቱን ሙሉ ክሬሙን ሲያቀጥን ያድራል። ጠዋት ላይ ያገኛችሁት ውሃ ከዚያ የመጣ ነው።

ክሬሙ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከ4 ሰዓታት በላይ ከቆመ ጣሉት። እንቁላልና ወተት ነው፤ ሽታው ባይቀየርም አትመኑት። ፍሪዘር ውስጥም አታስገቡት፤ ሲቀልጥ ውሃና ፍርፋሪ ሆኖ ይለያያል።

## ጄላቲንና አጋር

ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ይሠራል። ለጾም አይሆንም። ሙስሊም እንግዳ ካለባችሁ ፓኬቱ ላይ ሐላል የሚል መኖሩን እዩ። አጋር ግን ከባሕር ውስጥ ተክል የሚገኝ ነው፤ ለሁሉም ይሆናል። አሠራራቸው ተቃራኒ ነው፤ አታምታቱ።

ጄላቲን፦
1. 7 ግራም ጄላቲን 2 ኩባያ ፈሳሽ ያረጋል። በ4 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትኑት፤ በአንድ ቦታ አትከምሩት።
2. 5 እስከ 10 ደቂቃ ያብጥ።
3. ሳህኑን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ አቅልጡት። አታፍሉት፤ ይደክማል።
4. ከቀሪው ፈሳሽ ጋር ቀላቅሉና ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 4 ሰዓታት አስቀምጡት። ፍሪጁን ቶሎ ቶሎ እንዳይከፍቱ ለቤተሰቡ ንገሩ፤ መርጋቱን ያዘገየዋል።

ካልረጋ መጀመሪያ ፍሬውን ጠርጥሩ። ጥሬ ፓፓያ፣ አናናስና ዘይቱን ጄላቲንን የሚፈጭ ኢንዛይም አላቸው። ጓሮ ያፈራውን ፓፓያ መጠቀም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ቀቅሉትና አቀዝቅዙት። የቆርቆሮ አናናስ በሙቀት ስላለፈ ችግር የለውም።

አጋር፦ ለ1 ኩባያ ፈሳሽ 1 የሻይ ማንኪያ ዱቄት። በቀዝቃዛው ፈሳሽ በጥብጡ፣ አፍሉ፣ እያማሰላችሁ 5 ደቂቃ ይንተክተክ። አጋር ካልፈላ አይሟሟም። ፍሪጅ ሳይገባ በክፍል ሙቀት ይረጋል፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፓፓያም አያሸንፈውም። ቅርጹ ካላማራችሁ ደግማችሁ አቅልጣችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ።

## ለጾም ኬክና ለጤፍ ኬክ

ለጾም ኬክ ተልባ እንቁላልን ይተካል። 1 ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩ፤ ሲሙለጨለጭ እንደ 1 እንቁላል ቁጠሩት። ለፍትፍት የተቆላውን አትጠቀሙ፤ ጣዕሙ ኬኩን ይውጠዋል። ተልባ ያያይዛል እንጂ አይነፋም፤ ቤኪንግ ፓውደሩን አትቀንሱ። ከ2 እንቁላል በላይ በሱ ከተካችሁ ኬኩ ይከብዳል።

የጤፍ ኬክ የሚፈረፍረው ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ነው። ዛንታን ጋም የሚባለውን የማያያዣ ዱቄት ካገኛችሁ ለ1 ኩባያ የጤፍ ዱቄት ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከደረቁ ዱቄትና ስኳር ጋር ቀድማችሁ ቀላቅሉት፤ ውሃ ላይ በቀጥታ ከጣላችሁት በሰከንድ ይጓጉላል። "ትንሽ ልጨምርበት" እንዳትሉ፤ ሲበዛ ልጋግ ይሆናል።

በፉርኖ ዱቄት የሚሠራ ኬክ እንዲለሰልስ ደግሞ ከ1 ኩባያ ዱቄት 2 ማንኪያ አንሱና በ2 ማንኪያ ኮርን ስታርች ተኩት። ሁለት ጊዜ ንፉት።

## አቀማመጥ

ሁሉንም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡ፤ ስሙንና የተገዛበትን ወር ጻፉበት። ባሕር ዳር ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ፌስታል አይበቃም። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ፤ እንፋሎት ይገባዋል። የጠጠረ ግን የማይሸት ኮርን ስታርች ተነፍቶ ይሠራል። ነቀዝ የገባበትን፣ የሻጋታ ሽታ ያለውን ጣሉት።